ስቴቪያ ወይስ ኤሪትሪቶል? ቡና ለማይተዉ የስኳር ታማሚዎች

እማዬ ስኳር እንዳለባት ካወቅን 4 ዓመት ሆነን። ቡናን ግን አልተወችም። ጅማ ተወልዳ ያደገች ሴት እንዴት ትተወው? በቀን 3 ሲኒ፣ በሲኒ 2 ማንኪያ ስኳር ነበር ልማዷ። ስለዚህ የስኳር ምትክ ፍለጋ የወጣሁት እኔ ነኝ። አሁን ጎረቤቱም ጓደኛውም "የቱን ልግዛ?" እያለ ይጠይቀኛል።

ለቡናና ለሻይ ንጹሕ ስቴቪያ ግዙ። እዚህ የደረስኩት ግን ገንዘብም ጤናም ከፍዬ ነው።

መጀመሪያ የገዛሁት ጅማ ሄርማታ መርካቶ አካባቢ በፌስታል እየተመዘነ የሚሸጥ ነጭ ዱቄት ነው። "ኦርጂናል ስቴቪያ ነው" ተባልኩ። ሩብ ኪሎውን 600 ብር ገዛሁት፤ ርካሽ መስሎኝ ደስ አለኝ። እማዬም ልክ እንደ ስኳር 2 ማንኪያ እየጨመረች ወደደችው። በ10ኛው ቀን ጠዋት በባዶ ሆዷ ስትለካ 198 አለ። ከዚያ በፊት 130 አካባቢ ነበር። ምግቧ ያው ነው፤ መድኃኒቷንም አንድ ቀን አልዘለለችም። ዱቄቱን ስናቆም በሳምንቱ ወረደላት። ሻጩን ሄጄ ብጠይቀው "እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው" አለኝ።

ያኔ ያላወቅኩት ይህን ነው። ስቴቪያ የተክል ስም ነው፤ ከቅጠሉ ተጣርቶ የሚወጣው ማጣፈጫ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል። አንድ ሙሉ ማንኪያ ሲኒ ውስጥ ቢገባ አፍ አይችለውም። ስለዚህ በስኳር ማንኪያ ልክ የሚጨመር "ስቴቪያ" አብዛኛው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ማሟያው ማልቶዴክስትሪን የሚባል ከስታርች የሚሠራ ዱቄት ይሆናል፤ ይሄ ደግሞ የደም ስኳርን እንደ ግሉኮስ በፍጥነት ያወጣል። የታሸገም ቢሆን ጀርባውን አንብቡ። መጀመሪያ የተጻፈው ማልቶዴክስትሪን ወይም ዴክስትሮዝ (ግሉኮስ ማለት ነው) ከሆነ መልሱት። በፌስታል የሚመዘነውንማ ጭራሽ አትንኩት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የኪሎ ዋጋ ያሳስታል፤ የማንኪያ ዋጋ ነው መታየት ያለበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። ኪሎው በ130 ብር ከሆነ ማንኪያው 52 ሳንቲም ነው። ያ የፌስታሉ ዱቄት በማንኪያ 9 ብር ከ60 ወጣብኝ። ኤሪትሪቶል የሚባለውን ሌላ የስኳር ምትክ ግማሽ ኪሎውን በ1,800 ብር ነው ያገኘሁት። ጣፋጭነቱ የስኳርን ከ60 እስከ 70 በመቶ ያህል ስለሆነ ለአንድ ማንኪያ ስኳር 6 ግራም ይፈልጋል፤ 21 ብር ከ60 ማለት ነው። 30 ግራሟን ንጹሕ ስቴቪያ 1,500 ብር ስባል ግን ደንግጬ ነበር። አንድ ማንኪያ ስኳርን 0.02 ግራሙ ስለሚተካ ሳሰላው ማንኪያው 1 ብር ብቻ ሆነ! ለእማዬ በቀን 6 ብር። በኤሪትሪቶል ቢሆን ወደ 130 ብር ነበር።

ኤሪትሪቶልን መጥፎ ነው አልልም። ከበቆሎ ስታርች የሚገኘውን ግሉኮስ በእርሾ አብላልተው ነው የሚሠሩት። በግራም 0.2 ካሎሪ ብቻ አለው፤ የስኳር 4 ነው። ምላስ ላይ ቀዝቀዝ ይላል። ለኬክ መጠን ስለሚሞላ ይመቻል። ግን በ2023 የወጣ ጥናት በደማቸው ብዙ ኤሪትሪቶል የተገኘባቸው ሰዎች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሀርት አታክ) እና ስትሮክ በዝቶ አይቷል። መንስኤው እሱ ነው ብሎ አላረጋገጠም። እማዬ ግን ግፊትም ስላለባት እኔ አልደፈርኩም። ሌላው የስኳር ምትክ ዛይሊቶል በግራም 2.4 ካሎሪ አለው፤ ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል። ግቢያችሁ ውሻ ካለ ደግሞ አታስገቡት፣ ውሻ ይገድላል። ከፍሩክቶስ በኢንዛይም የሚሠራው አሉሎስ ለመጋገር ግሩም ነው፤ እኔ ግን ጅማ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

"ማር ይሻላታል" የሚሉኝም አሉ። የጅማ ማር እወዳለሁ፤ ግን ማርም የደም ስኳር ከፍ ያደርጋል። ለመክሳት ብላችሁ የምትጠይቁኝ ደግሞ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ስቴቪያን የመሳሰሉትን ክብደት ለመቀነስ አትጠቀሙ ብሏል። ምክሩ ስኳር ያለባቸውን አይመለከትም።

የስቴቪያ ችግሩ ጉሮሮ ላይ የሚቀር መራራነቱ ነው። ሻይ ላይ ይታወቃል፣ ጠቆር ብሎ የተቆላ ቡና ላይ ግን ይጠፋል። ሌላው ችግር መጠኑ ነው፤ 0.02 ግራም በማንኪያ አይለካም። እኔ ወርቅ ቤት ሄጄ 1 ግራም አስመዘንኩ። በ50 ሚሊ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በጠበጥኩትና ፍሪጅ አስገባሁት። በየሳምንቱ አዲስ እሠራለሁ። እማዬ መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለአንድ ሲኒ 2 ሚሊ ትጨምራለች። ከጠርሙሱ አጠገብ ግን ትንሽ እውነተኛ ስኳር አስቀምጫለሁ። ስኳሯ ወርዶ ሲያልባትና ሲያንቀጠቅጣት ስቴቪያ አያድናትም።