ለመጋዘናችን ሲስተም ላስገባልን ልጅ ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

ጎንደር ላይ መጋዘን ይዛችሁ «የዕቃ መመዝገቢያ የኮምፒውተር ሲስተም ላስገባ ይሆን?» እያላችሁ ለምታመነቱ ነው የምጽፈው። ስሜ አደባባይ አይውጣ ብሎ ስለለመነኝ «ልጁ» ነው የምለው። ስልኩን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እሰጣለሁ።

ሥራችን ጅምላ ነው። ዘይት፣ ፓስታ፣ ብስኩት፣ ሳሙና። መጋዘናችን አዘዞ ነው፤ ደንበኞቻችን ከቆላድባ፣ ከአይከል፣ ከዳባት፣ ከደባርቅ ይመጣሉ። ዕቃው ሲበዛ ደብተር አልቻለውም። አለ የተባለው ፓስታ ሲፈለግ የለም። የለም የተባለው ብስኩት ደግሞ ቀኑ ካለፈበት በኋላ ከጥግ ይወጣል።

ከልጁ በፊት ያየነውን አበሳ ልንገራችሁ። የመጀመሪያዎቹ ከረባት አስረው መጡ። ግራፍ በግራፍ አደረጉን። ቡና አፈላን፣ ከፈልን። ለካስ ሲስተሙ ያለ ኢንተርኔት አይነሳም! በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ዕቃው ፊታችን ተቆልሎ ስንት እንዳለ ማየት አቃተን። ስንደውል «ኔትወርክ ሲመለስ ይስተካከላል» ይሉናል። እሱን እኛም እናውቃለን እኮ! የራሳችንን መረጃ በኤክሴል አውጡልን ብንል ስልክ ማንሳት ተዉ። ሁለተኛዎቹ ክፍያቸው በየዓመቱ፣ ያውም በዶላር ተምኖ ነበር። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል ሒሳቡ ጣሪያ ነካ። እነሱንም ተሰናበትን። ከዚያ ወዲህ ሲስተም የሚል ሰው ሲመጣ ሆዴን ያመኝ ነበር።

ልጁን የጠቆመችኝ የእህቴ ልጅ ናት። ላፕቶፑን ከቦርሳው ሳያወጣ «እትዬ፣ መጀመሪያ ዕቃ ሲራገፍ ልይ» አለኝ። አይሱዙ መጣ። ከወዛደሮቹ ጋር ቆሞ ካርቶን ተቀበለ፣ የት እንደሚደረደር አየ፣ ማን ቆጥሮ ማን እንደሚፈርም ጠየቀ። ከዚያ ምን አለኝ? «ትልቁን አይግዙ። እሱ ብዙ ቅርንጫፍ ላለው ነው፤ ለእርስዎ ትንሹ ይበቃል።» ከራሱ ኪስ የሚቀንስ ምክር ነው እኮ! እንዲህ የሚል ሻጭ አጋጥሟችሁ ያውቃል?

ልቤን የነካው ግን የጋሼ ነገር ነው። ጋሼን መጋዘኑ ላይ የቀጠራቸው ነፍሱን ይማረውና ባለቤቴ ነው። ልጆቼ ሲያድጉ አይተዋል። ኮምፒውተር መጣ ሲባል ደብተራቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው በር ላይ ቆሙ። በቃ፣ የእኔ ነገር አበቃ ብለዋል። ልጁ ገባው መሰለኝ፣ በርጩማ ስቦ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይችን ሳሙና እርስዎ ምን ይሏታል?»

«ባለ ዶሮዋ።»

«ባለ ዶሮዋ» ብሎ ጻፈ። ካርቶኑ ላይ ያለውን የፈረንጅ ስም ቀጥሎ አስገባው። አጭሩ ዘይት፣ ሻካራው ፓስታ፣ ሁሉንም በእሳቸው አጠራር መዘገበው። ቀኑንም በእኛ አቆጣጠር አደረገላቸው። ከዚያ ስልኩን አስያዛቸውና ባርኮዱ ላይ እንዲያነጣጥሩ አሳያቸው። ጢጥ አለ። ስክሪኑ ላይ «ባለ ዶሮዋ» የሚል ወጣ። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና «ኧረ ይሄ ነገር አወቀኝ!» አሉ። ወዛደሮቹ በሳቅ ሞቱ፤ እኔ ዓይኔን ጠረግሁ። ዛሬ ማንም ሲስተሙን ያለ ጋሼ አይነካም፣ እሳቸውም አያስነኩም።

ውስጡ ምን እንዳለ አትጠይቁኝ። ሰርቨር ነው ምናምን ብሎ አስረድቶኛል፣ አልገባኝም። የገባኝ ዳታ ኖረ አልኖረ ይሠራል። መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ በሚሉት ባትሪ የጀመርነውን እንጨርሳለን። የመጠቀሚያ ቀኑ የቀረበው ዕቃ፣ ዘግይቶ የገባ እንኳ ቢሆን፣ «ይሄ ቀድሞ ይውጣ» ብሎ ይነግረናል፤ የቆመበትን መደርደሪያ ሳይቀር። ብስኩት መጣል ቀረልን፣ ተመስገን!

ከማንም ጋር ብትዋዋሉ ግን እነዚህን ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ። ኢንተርኔት ሲጠፋ ይሠራል ወይ? ክፍያው በብር ነው በዶላር? ብንለያይ መረጃዬን አውጥታችሁ ትሰጡኛላችሁ? ልጁ ሦስተኛውን ሳልጠይቀው ውሉ ላይ አስገባልኝ። ሲበላሽም ይመጣል። እሁድም ቢሆን ይመጣል፣ ከቅዳሴ በኋላ።

ልጄ፣ ይህን ካነበብክ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። ጋሼም መርቀውሃል፣ የእሳቸውን ምርቃት ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ቶሎ አያልቅም። እናንተ ደግሞ አደራ፣ ሌላ ቦታ ገንዘባችሁን ሳትበትኑ ደውሉለት። ብቻ ሰኔን አትጠብቁ። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ ነጋዴው ሁሉ ቆጠራ ላይ ነው፤ ያኔ እኔም ብሆን አላገኘውም።