ሽሮ ሜዳ ላለው ሳይክል ሠሪ ምስጋና፣ የፊት ሾክ ለምትቀይሩ ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ሳይክለኞች። ሽሮ ሜዳ አካባቢ ኮንቴነር ውስጥ ሳይክል የሚሠራ አንድ ወጣት አለ። እሱን በሰው ፊት ማመስገን ስለፈለግኩ ነው የምጽፈው። ስሙንና ስልኩን እዚህ አልለጥፍም፤ «ጋሼ፣ ስልኬ ሲጮህ ከዋለ ሥራ አልሠራም» ብሎኛል። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ አገናኛችኋለሁ።

እንጦጦ የምወጣበት ሳይክል ያገለገለ ባለ 29 ኢንች ነው። ሾክ ያለው ከፊት ብቻ ነው፣ እሱም ባለ ሞላ ነበር። ውስጡ ዝጎ ደርቆ ስለቀረ ቁልቁል ስወርድ ድንጋዩ ሁሉ በቀጥታ እጄ ላይ ነበር የሚያርፈው። አንድ ዘመድ ከአሜሪካ ሊመጣ ስለነበር አዲስ ሾክ በሻንጣው እንዲይዝልኝ አሰብኩ። መጀመሪያ የጠየቅኩት ሱቅ «140 ሚሊ ውሰድ፣ ትልቅ ሲሆን ይመቻል» ብሎ ዋጋ ላከልኝ፤ ቁጥሩ ሾኩ ሲጫን የሚወርድበት ርዝመት ነው። ሳይክሉን ያየው የለም፣ የምን ሳይክል ነው ያለም የለም።

ይህ ልጅ ግን ነገሩን ሲሰማ «ጋሼ፣ ምንም እንዳያዝዙ፣ መጀመሪያ ሳይክሉን ያምጡት» አለኝ። አመጣሁለት። መሪውን ፈታ፣ አሮጌውን ሾክ አወረደ፣ ካሊፐር አውጥቶ መለካት ጀመረ። የሾኩ አንገት የሚገባበት የፍሬሙ ቀዳዳ ውስጡ 34 ሚሊ ሜትር ሆነ። እንዲህ ያለ ፍሬም የሚቀበለው አንገቱ ከላይ እስከ ታች እኩል 28.6 ሚሊ የሆነ ሾክ ብቻ ነው። አሁን ገበያውን የሞላው ግን ከታች ወደ 40 ሚሊ የሚወፍረው ነው፣ እሱን አዝዤ ቢሆን ኖሮ ዘመዴ ውቅያኖስ አሻግሮ የሚያመጣልኝ የግድግዳ ጌጥ ነበር። የእናንተ ፍሬም 44 ሚሊ ከሆነ ብዙ አትጨነቁ፣ ከታች የተለየ የኩሽኔታ ቤት ተገጥሞለት ወፍራሙንም ይቀበላል።

ቀጥሎ ጎማው። የእኔ አክስሉ፣ ማለትም የጎማው መሃል ዘንግ፣ 9 ሚሊ ሆኖ በ100 ሚሊ ስፋት የሚገባው፣ በማንሻ የሚጠብቀው ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ሾኮች የሚፈልጉት 15 ሚሊ አክስልና 110 ሚሊ ስፋት ነው። እሱን ከገዛችሁ የፊት ጎማውንም ከነሞዞው መቀየር ሊመጣ ነው፣ ሂሳቡን እናንተው አስቡት።

140 ሚሊ ስለተባለው ስነግረው ሳቀ። የእኔ ፍሬም የተሠራው 100 ሚሊ ለሚሄድ ሾክ ነው። በጨመራችሁት በየ20 ሚሊው ፊቱ ከፍ ይልና የመሪው አንገት አንድ ዲግሪ ያህል ወደ ኋላ ይጋደማል። ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት የምታውቁ ይገባችኋል፤ ፊቱ ቀልሎ ጎማው ግራ ቀኝ እያለ መውጣት ስቃይ ነው፣ በዚያ ላይ ፍሬሙ አንገቱ ላይ ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል። ረጅም ሾክ የሚያምረው ለእሱ በተሠራ ሳይክል ላይ ነው።

ወረቀት ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈልኝ፦ 29፣ ቀጥ ያለ አንገት፣ 9 በ100፣ 100 ሚሊ፣ ለዲስክ ፍሬን፣ በአየር። «በአየር» ያለው፣ የሞላ ሾክ ለክብደታችሁ ካልሆነ ሞላውን ማስቀየር ስላለባችሁ ነው፣ አየር ግን በፓምፕ ይስተካከላል። በዚያ ወረቀት መሠረት ሮክሾክስ ጁዲ ሲልቨር የሚባል ሾክ መጣልኝ። የላይኛው እግሩ 30 ሚሊ ነው፣ ባለ 35ቶቹን አያህልም። ከድንጋይ ላይ ለሚዘል ሰውም አልመክረውም። ለእኔ አነዳድ ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ገጠማው ላይ አላስቸግራችሁ። አንገቱን ከአሮጌው ጋር አስተያይቶ፣ ትንሽ ትርፍ ትቶ፣ በሴጌቶ ቆረጠው። ጠርዙንም በሞረድ አለሰለሰው።

ይህን ጽሁፍ ያስጻፈኝ ከዚያ በኋላ ያደረገው ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ገጥመው፣ ገንዘብ ተቀብለው፣ ደህና ሁን ነው። እሱ የሾክ ፓምፕ አወጣ። የጎማ ፓምፕ እዚህ አይሠራም፤ ሾኩ ውስጥ ያለው ቦታ ጠባብ፣ የሚፈልገው ግፊት ደግሞ ብዙ ስለሆነ ትንሿን በትንሿ የሚሞላ ፓምፕ ያስፈልጋል። ሞላና ሾኩን ቀስ እያለ ደጋግሞ ተጫነው፣ አየሩ ውስጥ ወዳለው ሁለተኛ ክፍል እንዲያልፍ ነው። ከዚያ እንደገና ለካው፣ ቀንሶ ነበር፣ ጨመረበት። ፓምፑን ሲነቅል ሽሽ ሲል ደንግጬ «ወጣ እኮ!» አልኩት፣ ለካ የሚወጣው ፓምፑ ቱቦ ውስጥ የቀረው ነው። መልሳችሁ ስትሰኩ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ የሚታየውም ቱቦው መጀመሪያ ከሾኩ አየር ስለሚሞላ ነው።

ቀጥሎ የሾኩ እግር ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አሰረ። «ጋሼ፣ ቦርሳዎን ከነውሃው ያንግቱ፣ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ይውጡ» አለኝ። ወጣሁ፣ ሳልነቃነቅ ቆምኩ፣ ወረድኩ። ማሰሪያው የተገፋበትን ለካ። ከ100 ሚሊው 20 ያህሉ በክብደቴ ብቻ መውረድ አለበት አለ፣ ከዚያ ካነሰ አየር ትቀንሳላችሁ፣ ከበለጠ ትጨምራላችሁ። የእኔን የግፊት ቁጥር አልነግራችሁም፣ ክብደታችን ስለሚለያይ አይጠቅማችሁም።

ቀጥሎ ከታች ያለችው ቀይ መዞሪያ። ኤሊና ጥንቸል ተስሎባታል። ሾኩ ከተጫነ በኋላ በምን ፍጥነት ተመልሶ እንደሚነሳ የምትወስነው እሷ ናት። ከእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ እየወረድኩ ሞከርን፤ ወደ ጥንቸሉ ስናበዛው መሪው እጄን መልሶ ይመታኛል፣ ወደ ኤሊው ስናበዛው ደግሞ ደህና ይመስላል። «ደህና ነው» ስለው «ቆይ፣ ኮብልስቶን ላይ ይሂዱ» አለኝ። እውነቱን ነው። ኮብልስቶን ላይ ጉብታው ተከታታይ ስለሆነ ቀስ ብሎ የሚነሳ ሾክ አንዱን ጨርሶ ሳይመለስ ሌላው ይደርስበታል፣ እያደር ቁጭ ይልና ሾክ እንደሌለው ይሆናል። ሰፈሩን እየዞርኩ፣ እሱ ጠቅ እያደረገ፣ መሃል ላይ አገኘነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ ያለ አይመስለኝም።

ሾኩ እንዳይወርድ የምትቆልፈውን ሰማያዊ መዝጊያ አስፋልት ዳገት ላይ ዝጓት፣ ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ክፈቷት። እኔ እስካሁን እረሳታለሁ።

አደራ ያለኝንም ልንገራችሁ። ከእንጦጦ ጭቃ ስትመለሱ የሾኩን እግር በጨርቅ ጥረጉት፣ የመኪና ማጠቢያ ውሃ ጎሚኒው ላይ እንዳትለቁበት፣ ግራሶም ከውጭ አትቀቡት፣ አቧራ ይሰበስባል። አምራቹ በየ50 ሰዓት ጉዞው የታችኛው እግር ወርዶ እንዲጸዳና ዘይቱ እንዲቀየር ይላል፣ ልጁ ይህንንም ይሠራል።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር አለ፣ እሱንም ልናገር። አይቸኩልም። ከፊታችሁ አንድ ሕፃን ካቴና የወለቀበት ሳይክል ይዞ ከመጣ እሱን ያስቀድማል፣ ብር ስለማይቀበለውም ማስቸኮል አትችሉም። ግማሽ ቀን ያዙለት። የእጅ ዋጋውን ሲነግረኝ ግን አፍሬ ጨመርኩለት፣ እናንተም አትከራከሩት። ጥሩ የሾክ ፓምፕ ከውጭ የምታስመጡ ካላችሁ ደግሞ አንድ ለእሱ አስቡለት፣ ያለው አርጅቷል።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አለ። እሁድ ዝግ ነው፣ ራሱ እንጦጦ ላይ ነው። ሳይክሉን አጥባችሁ ውሰዱ፣ ጭቃ ያለበትን አይነካም።