የዚህ ወታደር ነጭ አንድ ዓይነት አይደለም፦ የ1 ለ 6 ስቶርምትሩፐር ሞዴል ከወራት በኋላ

ቁርጡን ከመጀመሪያው ልናገር። ይህን ኪት፣ ማለትም በተነጣጠሉ ክፍሎች የሚመጣ የስቶርምትሩፐር ሞዴል፣ ገጣጥሞ ብቻ መደርደሪያ ላይ ለማቆም ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም። ለመሞረድ፣ ለመቀባት፣ አንድ ክርን ላይ ቅዳሜና እሁዱን ለማሳለፍ ለተዘጋጀ ሰው ግን እስካሁን በእጄ ከገቡት ሞዴሎች ሁሉ ድካምን አብልጦ የሚክስ እሱ ነው። ሠርቼ ከጨረስኩት ወራት አልፈዋል፤ ስለዚህ የምጽፈው ሳጥኑን እንደከፈትኩ ስለተሰማኝ ደስታ ሳይሆን ምን እንደጸና፣ ምን እንደተፋቀና ምን እንደላላ ነው።

ዕቃው የጃፓን ሥራ ነው። በ1977 ከወጣው የመጀመሪያው የስታር ዋርስ ፊልም የምናውቀው ነጭ ለባሽ ወታደር ነው፤ መጠኑ 1 ለ 6፣ ማለትም የእውነተኛው ሰው አንድ ስድስተኛ፣ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ክፍሎቹ ያለ ሙጫ እየተሰኩ ይገጣጠማሉ። ነጩ ጥሩር በነጭ ፕላስቲክ፣ ከውስጥ የሚለበሰው በጥቁር ፕላስቲክ ስለተሠራ ቀለም ሳይነካው እንኳ ከሩቅ ሲያዩት ወታደሩን ይመስላል። እህቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ ነው ያደረሰችልኝ።

በትንሹ መጠን፣ በ1 ለ 12፣ ነጭ ሆኖ መታየቱ በቂ ነው። በዚህኛው መጠን ግን ዓይን ይጠይቃል። ጥሩሩ ከምን ተሠራ? የራስ ቁሩስ? ጫማው ቆዳ ነው ወይስ ጎማ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት የመጀመሪያው አልባሳት እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ኪቱን ከመጫወቻነት አውጥቶ ሞዴል የሚያደርገውም ይህ እውቀት ነው።

መልኩ የተወለደው በሠዓሊው ራልፍ ማክኳሪ ንድፎች ላይ ነው። አልባሳቱ ደግሞ በ1976 እንግሊዝ ውስጥ ተሠራ። ስስ የፕላስቲክ ሉህ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያ በቅርጽ ላይ ተዘርግቶ ከሥር አየሩ ሲመጠጥ ቅርጹን ይይዛል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ግን አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ክንዱም እግሩም በሁለት ግማሽ ተሠርቶ፣ መጋጠሚያው ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ተለጥፎበት ነው አንድ የሚሆነው። የሰውነቱ ጥሩር ነጭ ኤቢኤስ ፕላስቲክ ነበር፤ ሳይቀባ በራሱ የሚያብረቀርቅ። ከራስ ቁሮቹ ብዙዎቹ ግን ፖሊኢቲሊን ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ ተሠርተው ከላይ ነጭ ተቀቡ። የእጅ መሸፈኛው ጎማ ነበር። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን ተራ የቆዳ ቦት ሲሆን እሱም ነጭ ተቀብቷል።

እንግዲህ ይህ ወታደር ቢያንስ አራት ዓይነት ነጭ አለው ማለት ነው። ፋብሪካው ሁሉንም በአንድ ነጭ ፕላስቲክ ነው የሰጠን። ይህ የኪቱ ጉድለት ነው ብዬ አላማርርም፤ የሠሪው ድርሻ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ስለ መጋጠሚያዎቹ በሰፊው ልናገር፤ ብዙ ጥሩ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። የሞዴል ሠሪ የተለመደ ልማድ ያየውን መስመር ሁሉ በስቱኮ ሞልቶ መሞረድ ነው። በዚህ ወታደር ላይ ይህ ልማድ ስሕተት ይሆናል። በክንዱና በእግሩ ርዝመት የሚወርደው ማሰሪያ የእውነተኛው አልባስ አካል ስለሆነ መጥፋት የለበትም፤ ጠርዙ እንዲያውም በስለት ትንሽ ጎላ መደረግ አለበት። የራስ ቁሩም የፊት ገጹና የኋላ ክዳኑ ለየብቻ ተሠርተው በጆሮዎቹ የተያያዙ ስለሆኑ ያ መስመር ይቆያል። መጥፋት ያለባቸው የፋብሪካው ቅርጽ የተወው ቀጭን መስመርና ክፍሉ ተያይዞ ከመጣበት የፕላስቲክ ፍሬም ሲቆረጥ የሚቀረው ጉጥ ብቻ ናቸው። ጉጡን በሁለት ቁርጥ ነው የማነሳው፤ መጀመሪያ ራቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ ተጠግቶ። ከዚያ በቁጥር 400፣ 600፣ 1000 የብርጭቆ ወረቀት፤ ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል። ነጭ ፕላስቲክ ጭረትን ይደብቃል፤ ከቀለሙ በፊት የሚቀባው ግራጫ መሠረት (ፕራይመር) ሲያርፍበት ግን የተደበቀው ሁሉ ይወጣል። ነጭ ላይ በቀጥታ ነጭ መቀባት የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ለዚህ ሥራ ብሎ የተከፈተ ሱቅ መፈለግ አያስፈልግም። የመኪና ቀለም ቤቶች ውሃ የሚችል የብርጭቆ ወረቀት እስከ 1500 እና 2000 ድረስ አላቸው። የውበት ዕቃ መሸጫዎች የጥፍር ሞረድና ማለስለሻ አላቸው፤ ለክርንና ለጉልበት ጎባጣ ክፍሎች ከብርጭቆ ወረቀት ይሻላል። ስቴኪኒና የጆሮ ጥጥ ከየትም ይገኛል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ቲነር ነው። የጋራዥ ቲነር የሞዴል ፕላስቲክን ያሟሟል፤ የመኪና ፕራይመርም በወፍራሙ ከተረጨ ገጹን ይበላዋል። ማንኛውንም አዲስ ፈሳሽ መጀመሪያ በሚጣለው ፍሬም ላይ ሞክሩና እስከ ማግስቱ ተዉት፤ የሚለሰልስ ወይም የሚሰነጠቅ ከሆነ ያኔ ይታያል።

ወደ ነጩ ልመለስ። ንጹሕ ነጭ ከጠርሙሱ እንደወጣ ሲቀባ እንደ መታጠቢያ ገንዳ ሸክላ ያበራል፤ ጥላ አይቀበልም፤ ዓይንም መጠኑን መገመት ያቅተዋል። ለሰውነቱ ጥሩር ነጩ ላይ ጠብታ ግራጫ ጨመርኩበት፤ ቀዝቀዝ ያለ ነጭ ሆነ፤ ከላዩ የሚያብረቀርቅ ቬርኒሽ። ለራስ ቁሩ በጣም ጥቂት ቢጫና ቡናማ የገባበት ሞቅ ያለ ነጭ፣ ብርሃኑም ቀነስ ያለ። የእጅ መሸፈኛው ፈዛዛ ነው፤ ብርሃን የለውም። ጫማው ላይ ግን መጀመሪያ ቡናማ ቀብቼ ነጩን በላዩ አሳሳሁት፤ ሲራመድ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ቡናማው በትንሹ ብቅ ይላል። ልዩነቱ ጎን ለጎን ካላስተያዩት አይለይም። ሰው ሲያየው «ቀለሙ ምንድን ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ከምንድን ነው የተሠራው?» ብሎ ይጠይቃል። የፈለግኩት ይህን ጥያቄ ነበር።

ነጭ ቀለም የመሸፈን ኃይሉ ደካማ ነው፤ በስሱ ደጋግሞ መቀባት ግድ ነው። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም ከአየር ብሩሹ (ቀለሙን በአየር ግፊት ከሚረጨው መሣሪያ) አፍ ላይ ሳይወጣ ይደርቃል። መድረቅን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጠብታ መጨመርና አፉን በየመሐሉ በረጠበ ጥጥ መጥረግ ይረዳል። በክረምት ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በቲነር የሚቀጥን ቬርኒሽ ዝናብ በያዘ ቀን ከተረጨ እርጥበት ገብቶበት ይደበዝዛል። የማብረቂያውን ሥራ ለፀሐያማ ረፋድ ማቆየት ይሻላል።

በጥሩሩ ስንጥቆች ላይ የሚሮጠው ጥላ ጥቁር መሆን የለበትም። ጥቁር መስመር ወታደሩን በእርሳስ የተነደፈ ያስመስለዋል። የዘይት ቀለም ግራጫ በአኳራጅ አቅጥኖ መስመሩን ብቻ በቀጭን ብሩሽ መንካት ይበቃል። ይህን ከማድረግ በፊት ግን ጥሩሩ በአክሪሊክ ቬርኒሽ መሸፈን አለበት። እየተሰካ የሚገጣጠም ክፍል ሁልጊዜ ውጥረት ውስጥ ነው፤ አኳራጁ ወዳልተሸፈነ መሰኪያ ከገባ ፕላስቲኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ለራስ ቁሩ ምልክቶች ኪቱ ተለጣፊም፣ በውሃ ከወረቀቱ ተነሥቶ ገጹ ላይ የሚያርፍ ስስ ምስል (ማስተላለፊያ)ም ይዞ መጥቷል። እኔ አብዛኛውን በእጅ መቀባት መረጥኩ። በመጀመሪያዎቹ ቁሮች ላይ የጉንጩ ሰማያዊ ሰረዞች በእጅ የተቀቡ ስለነበሩ የአንዱ ቁር ሰረዝ ከሌላው ጋር አይመሳሰልም፤ መስመሮቹም ፍጹም እኩል አይደሉም። ከዓይኑ ሥርና ከቅንድቡ በላይ ያሉት ግራጫ ምልክቶች፣ አፉ፣ ጆሮው ላይ ያሉት ጥቁር ሰረዞች፣ ሆዱ ላይ ካሉት ቁልፎች ሰማያዊ የሚሆኑትና ግራጫ የሚሆኑት፣ ሁሉም ማስረጃ ይፈልጋሉ። በዚህ ረገድ ከ1997 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው 501ኛ ሌጌዎን የተባለው የአፍቃሪዎች ማኅበር ትልቅ ባለውለታ ነው። አልባሳቱን ለመልበስ የሚሠሩ ሰዎች እያንዳንዱን ቁልፍና ምስማር መርምረው የሚከተሉትን መመሪያ በይፋ አስቀምጠዋል፤ ለ1 ለ 6 ሠሪም ከዚህ የተሻለ ካርታ የለም። የዓይኑ መስታወት ጥቁር ሳይሆን ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ብርሃን ካሳላፊው ክፍል ጀርባ አሳላፊ አረንጓዴ ቀለም ቀብቼ ከኋላው ጥቁር አደረግኩ። መስኮት አጠገብ ሲቆም ብቻ አረንጓዴው ይገለጣል።

ስለ ራስ ቁሩ ሌላ የሚገርም ታሪክ አለ። የቁሮቹ ሠሪ አንድሩ ኤይንስወርዝ ከፊልሙ ኩባንያ ጋር ተካስሶ ጉዳዩ እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2011 ፍርድ ቤቱ ቁሩ በሕጉ አነጋገር ቅርጻ ቅርጽ አይደለም፣ የፊልም መገልገያ ነው ሲል ወሰነ። እኔ በአጉሊ መነጽር ሥር ያንን የተዛነፈ ፊት፣ ግራና ቀኙ የማይመሳሰለውን ገጽ ለረጅም ጊዜ ስላየሁት የቅርጻ ባለሙያ እጅ እንዳለበት እመሰክራለሁ። የሕጉ ጥያቄ ግን ሌላ ነው።

የጦር መሣሪያው የተገነባው በእውነተኛው የእንግሊዝ ስተርሊንግ መትረየስ ላይ ነው። ከላይ ኤም 38 የተባለው የአሜሪካ ታንክ መነጽር፣ በጎን የፋብሪካ ቆጣሪ ሳጥን፣ አፈሙዙ ዙሪያ ጥቁር የፕላስቲክ ሰቅ ተጨምሮበት ነው በፊልሙ ኢ-11 የተባለው መሣሪያ የሆነው። ይህን ማወቅ አቀባቡን ይወስናል። የስተርሊንጉ አካል ብረት ነው፤ ጥቁር ቀብቼ ጠርዙን በለስላሳ እርሳስ ዱቄት አሸሁት፤ በጣት ሲታሸት የብረት ብርሃን ይሰጣል። ሰቁ ግን ፕላስቲክ ስለሆነ ፈዛዛ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል። መነጽሩ ላይ የተፋቀ ጥቁር ቀለምና ከሥሩ ነሐስ የሚመስል ቢጫ በጥቂቱ አሳይቻለሁ።

አሁን ወራቱ ያሳዩትን ልንገራችሁ። ቀለሙ በአብዛኛው ጸንቷል፤ የተፋቀው የላይኛው ክንድ ጥሩር ትከሻውን የሚነካበት ቦታና የጭኑ ጫፍ ነው። ጥቁሩ የውስጥ ልብስ ነጩ ላይ ጥላሸት ያስተላልፋል። መፍትሔው ከመቀባት በፊት ነው፤ የሚፋተጉትን ሁለቱንም ገጾች ከውስጥ በኩል ቀለሙ የሚይዘውን ያህል ሞርዶ ማሳሳት። ቁርጭምጭሚቱ ላልቷል። ወታደሩ መሣሪያውን በሁለት እጁ ወደ ፊት ይዞ ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያደላ፣ በቆየ ቁጥር ትንሽ በትንሽ ያጎነብሳል። መገጣጠሚያው ኳስ ላይ ስስ ቬርኒሽ ቀብቶ በደንብ እስኪደርቅ መጠበቅ ጥብቅነቱን መልሶለታል። የተውኳቸው ጥቂት ተለጣፊዎች ጠርዛቸው መነሣት ጀምሯል፤ በውሃ የሚነሱት ማስተላለፊያዎች ግን በቬርኒሽ ሥር እንደተኙ ናቸው።

ነጩ ከጊዜ ጋር ቢጫ ይሆን እንደሆነ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ከፊልሙ የተረፉት እውነተኛ ጥሩሮች ብዙዎቹ በዘመን ብዛት ወደ ክሬም ቀለም ዞረዋል፤ ኤቢኤስ በፀሐይ ጨረር ይቢጫልና። የእኔ እስካሁን አልተለወጠም፤ የማቆመውም ቀጥተኛ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ነው። የባሰው ጠላት የበጋ አቧራ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ነጭ ላይ ቀይ አቧራ ወዲያው ይታያል፤ በጨርቅ ሲጠረግ ደግሞ ይቧጭረዋል። የመስታወት ሳጥን ውስጥ አስገብቼዋለሁ፤ የሚቀረውን በለስላሳ የፊት ዱቄት ብሩሽ አነሣለሁ። በመሣሪያ መያዣው ላይ ለስላሳ ሰው ሠራሽ ቆዳ ለመለጠፍ ያሰባችሁ ካላችሁ ተዉት፤ ከለስላሳ ቪኒል የሚወጣው ዘይት ከጊዜ ጋር የሚነካውን ፕላስቲክና ቀለም ያለሰልሳል። ስስ እውነተኛ ቆዳ ወይም በሙጫ የጠነከረ ወረቀት ይሻላል።

እንግዲህ መግዛት ለምታስቡ፦ ቀለም ቀብታችሁ የማታውቁ ከሆነ በ1 ለ 12 ጀምሩ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው፣ ነጭ መቀባትን ያስተምራል። ወደዚህኛው ስትመጡ የአየር ብሩሽና ኮምፕረሰር ይኑራችሁ፤ በእጅ ብሩሽ ይህን ያህል ሰፊ ነጭ ገጽ ያለ ዱካ መሸፈን እጅግ አድካሚ ነው። ከውጭ በሰው የምታስልኩ ከሆነ የሚረጭ ቆርቆሮ ቀለምና በቲነር የሚቀጥን ቀለም ተቀጣጣይ በመሆናቸው በመንገደኛ ሻንጣ አይፈቀዱም፤ ኤርፖርት ላይ ዘመዳችሁን እንዳታስቸግሩ። በውሃ የሚቀጥኑ አክሪሊኮችን፣ ስለታም መቁረጫውን በሚጫነው ሻንጣ፣ የማስተላለፊያ ማለስለሻውንም በትንሽ ጠርሙስ አስመጡ። ቀሪውን ከጋራዥና ከውበት ዕቃ ሱቅ ታገኙታላችሁ።