ጥሩ አናጺ ለምትፈልጉ ሙዚቃ ወዳጆች

የሙዚቃ መስሚያ ክፍሌን ያስተካከለልኝን አናጺ በሰው ፊት ላመሰግነው፣ ለእናንተም ልጠቁማችሁ ፈልጌ ነው።

የኮንዶሚኒየም ሳሎን ታውቁታላችሁ፤ ፊት ለፊት የሚተያይ የሲሚንቶ ግድግዳ፣ ወለሉ ሴራሚክ። ድምፁ ከፍ ሲል ማሲንቆው ጆሮ ይወጋል፣ የዘፋኙ «ሰ» እና «ሸ» ያፏጫል። መጀመሪያ የመጣው ሠራተኛ ግድግዳውን በሙሉ በስስ ስፖንጅ ሸፈነልኝ። ጩኸቱ ጠፋ፤ ቤዙ ግን እንዳለ ቀረና ክራሩ ታፈነ። ስስ ስፖንጅ የሚውጠው ትሬብሉን፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ያልፈዋል።

የሚያስፈልገው ትሬብሉን ማጥፋት ሳይሆን መበተን ነበር። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማንፍሬድ ሽሮደር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያመጣው ዘዴ አለ፤ ጥልቀታቸው የተለያየ ጠባብ የእንጨት ቦዮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። የእኔ ቦዮች ጥልቀት በእርከን ሲቆጠር 0፣ 1፣ 4፣ 2፣ 2፣ 4፣ 1 እያለ ይሄዳል፣ አንዱ እርከን 4 ሳንቲሜትር ነው። ድምፁ ከየቦዩ በተለያየ ቅጽበት ስለሚመለስ ወደየአቅጣጫው ይበተናል። ትሬብሉ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ግን ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ጆሮ ላይ አይወርድም።

የማመሰግነው አናጺ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር እንዳልሠራ በግልጽ ነገረኝ። ከዚያ ቁጥሮቹ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ እስኪገባው ጠየቀኝ። የቦዮቹን ስፋት ሁሉንም 3 ሳንቲሜትር አድርጎ በኮምፔንሳቶ ከፋፈላቸው። ክፍተት ካለ ድምፁ እዚያው ገብቶ እንደሚቀር ስነግረው ደግሞ፣ በየመጋጠሚያው የስልኩን መብራት ከኋላ እያበራ ብርሃን ያሾለከውን ሁሉ በኮላ ደፈነው። እንዲህ አድርግ ያለው ሰው የለም። ከተስማማንበት ዋጋም አምስት ሳንቲም አልጨመረም።

ከመቀመጫዬ ኋላ ያለው ግድግዳ ስፖንጅ ተነስቶ ይሄ ተተካ፤ ከስፒከሮቹ ግራና ቀኝ ያለውን ትተነዋል። አሁን ክራሩ ላይ ጣቱ ክሩን ሲለቅ ይሰማል፣ ማሲንቆውም ሳይወጋ ጥርት ብሎ ይመጣል። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ!

ለማሠራት ካሰባችሁ ግን ለቤዝ ችግር አትጠብቁት፤ የእኔ የሚሠራው ከ600 ኸርዝ ገደማ እስከ 5,700 ኸርዝ አካባቢ ነው። ከጀርባችሁ እስከ ግድግዳው 2 ሜትር ያህል ከሌላችሁም ወፍራም ስፖንጅ ይሻላችኋል።

ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስልኩን እሱን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት የክፍላችሁን ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ለክታችሁ ያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።