ከድስቱ መቀመጫ ላይ ያለው ጽሑፍና ቁጥር፤ ሦስት የፈረንሳይ ከባድ ድስቶች ሲነጻጸሩ

ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የገቡም ሆኑ ከአሮጌ ቤት የወጡ፣ ውጫቸው በቀለም የሚያብረቀርቅ ከባድ የብረት ድስቶች ጅማ ውስጥ በገበያም በቴሌግራምም አልፎ አልፎ ለሽያጭ ይቀርባሉ። እኔ ካነጋገርኳቸው ሻጮች አብዛኞቹ «የጣሊያን ጊዜ ዕቃ ነው» ከማለት ያለፈ ማብራሪያ አልነበራቸውም። ድስቱን ገልብጦ መቀመጫውን የሚያነብ ገዢ ግን የሠሪውን ስም፣ የአገሩን ስምና መጠኑን ብዙ ጊዜ እዚያው ያገኛል።

አስቀድሞ መለየት ያለበት፣ ድስቱ በእርግጥ ካስት አይረን የሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ወፍራም ብረት መሆኑ ነው። እንደ ብርጭቆ ያለው የኢናሜል ቅብ በስስ ቆርቆሮ ላይም ስለሚቀባ፣ ማግኔትም በሁለቱም ላይ ስለሚጣበቅ፣ እዚህ ላይ የሚፈርደው ክብደት ነው፤ 26 ሳንቲ ሜትር የሆነ እውነተኛ ድስት ከነክዳኑ አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል።

በገዢ እጅ ሊገቡ ከሚችሉት መካከል ለ ክሩዜ (Le Creuset)፣ ኩዛንስ (Cousances) እና ስቶብ (Staub) ሦስቱም የፈረንሳይ ናቸው። ለ ክሩዜ እ.ኤ.አ. በ1925 በሰሜን ፈረንሳይ የተቋቋመ ሲሆን፣ ስሙና «ፈረንሳይ» የሚለው ቃል በላቲን ፊደል መቀመጫው ላይ ይገኛሉ፤ ታዋቂው የእሳት ቀለም ያለው ብርቱካናማ ድስቱ እስከ ዛሬ ስለሚመረት ቀለሙን አይቶ «አሮጌ ነው» ማለት አይቻልም። ኩዛንስ የብረት ሥራውን ታሪክ እስከ እ.ኤ.አ. 1553 የሚቆጥር ስም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የለ ክሩዜ ኩባንያ ገዝቶታል፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በኩዛንስ ስም ድስት ይወጣ ነበር፣ ስለዚህ የኩዛንስ ድስት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ አይደለም። ስቶብ ደግሞ በፈረንሳይዋ አልዛስ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ የስቶብ ድስት ይዞ «የጣሊያን ጊዜ» የሚል ሻጭ ከሠላሳ ዓመት በላይ ተሳስቷል ማለት ነው። መቀመጫው በጥላሸት ከተሸፈነ ስሙ እስኪነበብ ድረስ በለብ ያለ ውኃና በሳሙና እንዲታጠብ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ገዢን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። በእነዚህ ድስቶች መቀመጫ ላይ የሚታየው ሁለት አሃዝ፣ ለምሳሌ 22፣ 24 ወይም 26፣ ሊትር ሳይሆን ጆሮዎቹን ሳይጨምር የአፉ ስፋት በሳንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የሚይዙት እኩል አይደለም፦ የለ ክሩዜ ክብ 24 ድስት 4.2 ሊትር ሲይዝ የስቶብ 24 ግን 3.8 ሊትር ነው፤ 26 ላይ ሲደርሱ 5.3 እና 5.2 ሆነው ይቀራረባሉ። ሞላላ ድስት ላይ የተጻፈው ደግሞ ርዝመቱ በመሆኑ፣ 29 የተባለ የለ ክሩዜ ሞላላ 4.7 ሊትር ብቻ ስለሚይዝ ከክቡ 26 ያንሳል። አንዳንድ አሮጌ የለ ክሩዜ ድስቶች በቁጥር ፈንታ አንድ የላቲን ፊደል ይይዛሉ፤ በዚህ ጊዜ በፊደሉ ከመከራከር ሜትር ይዞ አፉን መለካት ይሻላል። ቅብ በሌላቸው የአሜሪካ መጥበሻዎች ላይ የሚታየው 8 ቁጥርም የድሮ ምድጃ ቀዳዳ መለኪያ እንጂ ሳንቲ ሜትርም ኢንችም አይደለም፤ መጥበሻው በስፋት 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ክዳኑም ተገልብጦ መታየት አለበት፤ ከሥሩ ቁጥር ካለ ከድስቱ ቁጥር ጋር መግጠም አለበት። እኔ በሥዕል ብቻ አይቼ የገዛሁት አንድ ድስት ቁጥሩ ልክ ሆኖ ክዳኑ የሌላ ሠሪ ነበርና እየተንገዳገደ እንፋሎቱን ሁሉ ያስወጣል፤ አሁን ለቁሌት ብቻ፣ ያለ ክዳን እንጠቀምበታለን። ይህ በጅማ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከተማዋ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፣ ሥጋና ባቄላም ለመብሰል ረጅም ጊዜ ስለሚፈልጉ ክዳኑ ካልገጠመ ውኃው ቶሎ ያልቃል።

በዚህ በኩል ስቶብና ኩዛንስ ይበልጣሉ። የስቶብ ክዳን ከውስጥ በትናንሽ ጉብታዎች የተሞላ በመሆኑ እንፋሎቱ ጠብታ ሆኖ በመላው ወጥ ላይ ይመለሳል። የኩዛንስ «ዱፉ» የሚባለው ድስት ክዳኑ ከላይ ጎድጎድ ያለ ሲሆን፣ ቀዝቃዛ ውኃ ወይም በረዶ ሲጨመርበት እንፋሎቱን ከሥር ያቀዘቅዘዋል። ለዶሮ ወጥ ግን ምርጫዬ ለ ክሩዜ ነው፤ ውስጡ ነጣ ያለ ስለሆነ ሽንኩርቱ ሲቀላና ሲጠቁር ቀለሙ ይታያል፣ በስቶብ ጥቁር ውስጥ ግን ሽንኩርቱ ማረሩ የሚታወቀው ከሸተተ በኋላ ነው። የድሮ ለ ክሩዜ ክዳን ጥቁሩ የፕላስቲክ መያዣ ከ190 ዲግሪ በላይ ስለማይችል ምድጃ ውስጥ ለሚያስገባ ሰው ይህ ልብ የሚባል ነው።

ከስምና ከቁጥር በፊት ዋጋ የሚጥለው የውስጡ ቅብ ጉዳት ነው። ከውጭ ጠርዝ ላይ የተፈነቀለ ትንሽ ቦታ መደራደሪያ ይሆናል፤ ከውስጥ የተሰነጠቀ ወይም የተፈረፈረ ግን ቅቡ እንደ ብርጭቆ ስብርባሪ ወጥ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል፣ ስሙ ምንም ያህል ቢከበር፣ መግዛት አይገባም። ከከሰል ምድጃ ጋር ደግሞ ክቡ ይስማማል፣ ሞላላው ዳርና ዳሩ ሳይሞቅ መሐሉ ያራል፤ ባዶ ድስት በደመቀ ፍም ላይ መጣድ፣ ከእሳት እንደወረደም ቀዝቃዛ ውኃ መጨመር ቅቡን ይሰነጥቃል። አንድ ድስት ብቻ ለሚገዛ የጅማ ቤተሰብ ውስጡ ያልተነካ፣ ክዳኑ የገጠመ ክብ 26 ለ ክሩዜን እመክራለሁ፤ ኩዛንስ በዚሁ ስፋት፣ በተሻለ ዋጋና ነጣ ባለ ውስጥ ከተገኘ ግን ለስሙ ሲባል ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም።