የኤቲሊን መከላከያ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ጋዙ ከየት እንደሚመጣ እዩ

ጁስ ቤት ያለው ጓደኛዬ ሰሞኑን ደወለልኝ። «ፍራፍሬ ቶሎ እንዳይበስል የሚያደርግ ነገር አለ አሉኝ፤ የቱን ልግዛ?» እኔም መልሼ ጠየቅኩት፦ «ምኑን ነው የምታቆየው? ሙዙን ነው ካሮቱን?» መልሱ በዚህ ይለያያል።

ኤቲሊን ጋዝ ነው። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ቲማቲምና ፖም ሲበስሉ ራሳቸው ያወጡታል። የወጣው ጋዝ ጎረቤቱን ያበስላል፤ ያም በተራው ሌላ ጋዝ ያወጣል። አንድ የበሰለ ሙዝ ካርቶኑን ሙሉ ይዞ የሚሄደው ለዚህ ነው። አቮካዶን በጋዜጣ ጠቅልለን የምናሳድረው ጋዙ አካባቢው እንዲቆይ ነው። ሙዝ ማብሰያ ቤት ውስጥ ላምባ የሚጨሰውም ለዚሁ ነው፤ በደንብ ያልነደደ ላምባ ጭሱ ውስጥ ኤቲሊን አለው። ጉዳዩ የተደረሰበትም ከመብራት ጋዝ፣ ማለትም ድሮ ለመብራት ይነድ ከነበረው ጋዝ ተነስቶ ነው። በ1901 እ.ኤ.አ. ኔልዩቦቭ የተባለ ሩሲያዊ፣ ቤት ውስጥ ያበቀለው አተር ለምን እንደሚጣመም ሲመረምር ጥፋተኛው መብራት ጋዙ ውስጥ ያለው ኤቲሊን ሆኖ አገኘው።

አሠራሩ ደስ ይላል። ተክሉ ሴል ውስጥ ኤቲሊንን የሚቀበል ፕሮቲን አለ፤ መሐሉ ላይ መዳብ አለበት። ጋዝ በሌለበት ጊዜ ይህ ተቀባይ እንደ ዘበኛ ነው፤ መብሰልን አግዶ ይቆማል። ኤቲሊን መጥቶ መዳቡ ላይ ሲያርፍ ዘበኛው ሥራውን ያቆማል። ያኔ መብሰል ይጀመራል።

ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ዕቃ በአብዛኛው ከሁለት አንዱን ነው የሚሠራው። ወይ ጋዙን ከአየር ላይ ያጠፋል፣ ወይ ዘበኛውን ከጋዙ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ያለበት ትንሽ ከረጢት ነው። ውስጡ ወይንጠጅ ጠጠሮች አሉ። ኤቲሊን ሲነካቸው ያቃጥሉታል፣ እነሱም ወደ ቡና ዓይነት ይለወጣሉ። ጥሩነቱ ይሄ ነው፤ ሥራውን በዓይን ታያላችሁ። ግን ከላይ ቡናማ ሆነ ብላችሁ ቶሎ አትጣሉት። አንዷን ጠጠር ስበሯት፤ ውስጧ ገና ወይንጠጅ ከሆነ ጉልበት አላት። በጓንት ይሁን ታዲያ፣ እጅ ያቀልማል። ምግብ እንዳይነካ፣ ልጆችም እንዳያገኙት።

ጉድለቱ ግን ብዙ ሻጭ የማይነግራችሁ ነው። ከረጢቱ የሚያጠፋው አየር ላይ ያለውን ጋዝ ብቻ ነው። መብሰል የጀመረ ሙዝ ጋዙን ከውስጡ እያመረተ ስለሆነ ከረጢቱ ብዙም አያቆመውም። የሚጠቅመው ራሳቸው እምብዛም ጋዝ ለማያወጡት፣ ሌላው ፍሬ ባወጣው ጋዝ ለሚጎዱት ነው። ካሮት ከፖም ጋር ሲያድር ይመራል። ሰላጣ ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ኪያር ቢጫ ይሆናል። ፍሪጃችሁ ውስጥ ይሄ ካለ፣ ከረጢቱን ግዙ።

ሁለተኛው 1-ኤምሲፒ የሚባል ኬሚካል ነው። አሜሪካ፣ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲስለርና ብላንከንሺፕ ያገኙት ነው። ተቀባዩን ከኤቲሊን በ10 እጥፍ ገደማ አጥብቆ ይይዛል፤ ኤቲሊን ቢመጣ ቦታው ተይዟል። በየሱፐርማርኬቱ ለወራት የቆየ ፖም ጥርስ ስር ቀጭ የሚለው ብዙ ጊዜ በእሱ ነው። ኃይሉ ከከረጢቱ በብዙ ይበልጣል። ነገር ግን ራሱ ጋዝ ነው፤ ጥርቅም ብሎ የሚዘጋ ክፍል ይፈልጋል፣ ለሰዓታት። ደቂቃ በደቂቃ በሩ ለሚከፈት ሱቅ ገንዘብ መበተን ነው። ሙዝ ላይ ደግሞ ሰዓቱ ከሳተ ልጣጩ ወጥ ሆኖ ቢጫ አይሆንም፤ ዝንጉርጉር ሙዝ ማን ይገዛችኋል? እኔ ብሆን የምመክረው ቀዝቃዛ መጋዘን ላለው ነጋዴ ብቻ ነው።

አበባ ሻጭ ከሆናችሁ ሌላ ስም ትሰማላችሁ፦ ሲልቨር ታዮሰልፌት፣ ባጭሩ ኤስቲኤስ። ውስጡ ያለው ብር (ብረቱ) የመዳቡን ቦታ ይወስዳል፣ ዘበኛውም ኤቲሊንን አይሰማም። ካርኔሽን ላይ ተአምር ነው። ያልታከመ ካርኔሽን ጋዝ ሲያገኘው የአበባው ቅጠሎች ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። የታከመው ግን የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ እጥፍ ዕድሜ ሊኖር ይችላል። የሚበላ ነገር ላይ ግን በፍጹም። የተረፈውንም ቱቦ ውስጥ አትድፉት፤ ከባድ ብረት ነው። ጽጌረዳ የምትሸጡ ደግሞ አትቸኩሉ። ጽጌረዳ እንደ ዝርያው ይለያያል፤ ብዙውን ጊዜ አንገቱን የሚያስደፋው ግንዱን የደፈነ ባክቴሪያ ነው። ንጹሕ ውኃና ስለታም ቢላ ይቀድማሉ።

ኤቪጂ የሚባል ኬሚካልም አለ። ተክሉ ኤቲሊኑን ከመሥራቱ በፊት ያግደዋል። ከመልቀም በፊት ዛፍ ላይ የሚረጭ ስለሆነ ለፖም አልሚ እንጂ ለሱቅ አይደለም።

ጓደኛዬ በመጨረሻ ሁለት ከረጢት ገዝቶ ካሮትና ሰላጣው ያለበት ፍሪጅ ውስጥ አስገባ። ለሙዙ ምንም አልገዛም፤ የበሰለውን ከጥሬው ለየ፣ አየር የሚገባበት መደርደሪያ ላይ አደረገው። ፍሪጅ ውስጥ ሊከተውም አስቦ ነበር፤ ከ13 ዲግሪ በታች ጥሬ ሙዝ ልጣጩ እንደሚጠቁር ነግሬው ተወው።