ዱሉዝ ወይስ ታወር? አንድ ካውንቲ፣ ሁለት ዓይነት ብርድ

ሴንት ሉዊስ ካውንቲ ሰሜን ሚኒሶታ ውስጥ ነው። ደቡብ ጫፉ ላይ፣ ሱፒሪየር ሐይቅ ዳር፣ ዱሉዝ አለች። ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደግሞ ትንሿ ታወር።

በብርድ ከሆነ ፉክክርም የለ፤ ታወር ትብሳለች። በፌብሩዋሪ 1996 እ.ኤ.አ. አካባቢዋ ላይ ከዜሮ በታች 51 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ተመዝግቧል። የሚኒሶታ ክብረ ወሰን ነው። ከሐይቁ ርቃለችና ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ የሌለበት ሌሊት ምድሩ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ቀዝቃዛው አየር ዝቅተኛው ቦታ ላይ ይተኛል።

ዱሉዝን ሐይቁ ይከልላታል፣ ግን በነጻ አይደለም። ውኃው በሰመር ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ የዊንተሩ መግቢያ ይለዝባል። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ግን እርጥበቱን በረዶ አድርጎ ይደፋዋል። በ2022/23 ወቅት ከ3.5 ሜትር በላይ ጥሎባታል። አካፋ ለማይወድ ሰው መከራ ነው! ጸደይም ይዘገያል፤ ሜይ ላይ ዳርቻው በጉም ተሸፍኖ ጃኬት ያስለብሳል፣ ኮረብታው ላይ ሲወጡ ያስወልቃል።

እኔ ለዊንተር ዱሉዝን እመርጣለሁ። ለሰመር ቀን ታወር ሞቅ ትላለች፤ ቲማቲም ለመትከል ግን አትቸኩሉ፣ እዚያ አካባቢ ጁን ላይም ውርጭ ሊመታ ይችላል።